ከምድጃው በስተኋላ ያለው ግድግዳ
የቤይሩት ወጥ ቤቶች የሚለብሱትና ልብሳቸውን የምታጸዳው እጅ

በወጥ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው እስከ ላይኛው ቁም ሳጥን ድረስ ያለው የግድግዳ ክፍል ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም፣ ከቤቱ ግድግዳዎች ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ የሚረጥበው፣ ዘይት የሚፈናጠቅበት፣ እንፋሎት የሚያርፍበትና በእጅ የሚፈተገው እርሱ ነው። ይህን ክፍል ከውኃና ከቅባት ለመከላከል የሚለጠፈው ቁስ፣ ሴራሚክም ይሁን እብነበረድ፣ መስተዋትም ይሁን ብረት፣ በዚህ ጽሑፍ «ልባስ» እየተባለ ይጠራል። ልባስ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ውኃ ወደ ልስኑ ዘልቆ እንዳይገባ ያግዳል፣ የእሳቱን ሙቀት ይችላል፣ ቆሻሻም በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ሻጮች ስለ ቀለሙና ስለ ንድፉ ሲያብራሩ የሚውሉ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ባለቤቱን የሚያስደስተው ወይም የሚያስቆጨው ሦስተኛው ሥራ ነው።

በቤይሩትና በዳርቻዎቿ ይህ ሦስተኛ ሥራ ለየት ያለ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ልባሱን የሚመርጠው አንድ ሰው፣ የሚፈትገው ደግሞ ሌላ ሰው የሆነባቸው ቤቶች እጅግ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ወጥ ቤቱን የምታጸዳው «ከፋላ» በሚባለው፣ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው ሥርዓት የገባች ስደተኛ ስትሆን፣ ኢትዮጵያውያንም ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ከፍተኛውን ቁጥር ከያዙት ወገኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል፤ በ2020 የሥራ ሚኒስቴር የዕረፍትንና የሥራ ሰዓትን መብት የሚያካትት አዲስ መደበኛ ውል ቢያወጣም፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ተፈጻሚነቱን አግዶታል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ በሳምንት ስንት ሰዓት ፍተጋ ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ፣ ሌላ አገር የምቾት ጉዳይ ሊመስል ቢችልም፣ እዚህ የሰው ጉልበት ሒሳብ ነው። የአፓርታማዎቹ ንድፍም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ በርካታ ሕንፃዎች ከወጥ ቤቱ ጋር የተያያዘች፣ አልጋና ጥቂት ዕቃ ብቻ የምትይዝ የሠራተኛ ክፍል ትገኛለች፤ በዚያች ክፍል የምታድረው ሴት ጠዋት በሯን ስትከፍት ፊት ለፊት የምታየው ያንኑ ልባስ ነው።

ቤይሩትን የሚያውቅ ሰው ስለ ልባስ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው በአረብኛ «ብላጥ» የሚባለውን ባለ ጌጥ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። ይህ ዓይነት ንጣፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደቡብ ፈረንሳይ ከሲሚንቶ ኢንዱስትሪው ጎን ተወልዶ በሜዲትራኒያን ወደቦች ሲዛመት፣ ቤይሩት በበኩሏ የራሷን ሠሪዎች አፍርታለች። እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣው «ብላት ሻያ» የተባለው የቤተሰብ ድርጅት በ1881 የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ የቤተሰቡ ተወላጆች በ1990ዎቹ መልሰው አንቀሳቅሰውታል። የድሮዎቹ የቤይሩት ቤቶች፣ ባለ ሦስት ቅስት መስኮትና በቀይ የማርሴይ ሸክላ የተከደኑት፣ መካከለኛ አዳራሻቸውና መኝታ ክፍሎቻቸው በዚህ ንጣፍ ወይም በእብነበረድ የተሸፈኑ ነበሩ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ «ቴራዞ» የተባለው የእብነበረድ ስባሪ የተቀላቀለበት ንጣፍና ፋብሪካ ሠራሽ ሴራሚክ ቦታውን ወሰዱበት፤ ያለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ፋሽን ደግሞ ከወለል አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ግድግዳ አወጣው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ጠባዩን ለመረዳት ይጠቅማል። ሠሪው በብረት ፎርማ ውስጥ የንድፉን መስመሮች የሚከተል፣ ከቀጭን የነሐስ ወይም የብረት ዝርግ የተሠራ ከፋፋይ ያስቀምጥና፣ በነጭ ሲሚንቶ፣ በእብነበረድ ዱቄትና በማዕድን ቀለም የተበጠበጠውን ፈሳሽ እንደ አጥሚት በጭልፋ እየቀዳ እያንዳንዱን ክፍል በየቀለሙ ይሞላል። ከዚያም ከፋፋዩን እጁ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ላይ ይመዘዋል፤ ቀለሞቹ ከንፈር ለከንፈር ይገጥማሉ እንጂ አይደባለቁም። በላዩ ላይ እርጥበቱን የሚመጥ ደረቅ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ይነሰነሳል፤ ቀጥሎ ወፍራሙ ግራጫ ጀርባ ይጨመራል፤ ሁሉም በሃይድሮሊክ መጫኛ ከታመቀ በኋላ ንጣፉ ከፎርማው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይነከርና ለሳምንታት እየደረቀ ይጠነክራል። በዚህ ሁሉ ሂደት እሳት የለም፤ ልዩነቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴራሚክ በእቶን ተቃጥሎ ፊቱ በመስተዋት መሰል ሽፋን ሲታተም፣ የሲሚንቶ ንጣፍ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ቀለም ሲሚንቶ ሆኖ ይቀራል፤ ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑም ውኃም ዘይትም ይጠጣል።

በወለል ላይ ይህ ጠባይ ጉዳት አልነበረውም፤ የሰው እግርና የሳሙና ውኃ በዓመታት ብዛት ያለሰልሱታልና። በምድጃ ጀርባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የወይራ ዘይት ጠብታ ከገባ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው የኖራ ወገን ከአሲድ ጋር ስለሚዋሐድ ሎሚ የነካው ቦታ ይነጣል፤ ግድግዳው ከውስጥ እርጥበት ካለው ደግሞ ውኃው ጨው ይዞ ወጥቶ ሲተን በፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። መድኃኒቱ ቀዳዳዎቹን የሚያጠግብ ማሸጊያ ፈሳሽ ነው፤ ይህም ከመለጠፉ በፊትና በኋላ መቀባት፣ ከዚያም በየጊዜው መታደስ አለበት። ብዙ ባለቤቶች የመጀመሪያውን ቅብ ያስቀቡና የሚቀጥለውን ይረሳሉ፤ የተረሳውን ቅብ ዋጋ የምትከፍለውም በስፖንጅና በጣቷ ጥላውን ለማስለቀቅ የምትታገለው ሴት ናት፤ የማይለቅ ነገር መሆኑን ደግሞ ማንም አልነገራትም። በዚህ ጽሑፍ አቋም የሲሚንቶ ንጣፍ ለቤይሩት ቅርስ የሚሰጠውን ክብር ሳይነፈግ ወደ ወለሉ፣ ቢበዛም ከምድጃና ከዕቃ ማጠቢያ ራቅ ወዳለው የቁርስ ጥግ ግድግዳ ቢመለስ ይሻላል።

እብነበረድም በተመሳሳይ ድክመት ይታማል፤ የቤይሩት ምግብም ሆን ብሎ ድክመቱን የሚፈትን ይመስላል። እብነበረድ በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይሟሟል። የሊባኖስ ማዕድ ደግሞ ያለ ሎሚ አይታሰብም፤ ታቡሌው፣ ፈቱሹ፣ ሙተበሉ ሁሉ የሎሚ ጭማቂ ይፈልጋሉ፤ ሱማቅና ከሮማን የሚነጠረው «ድብስ ሩማን»ም ጎምዛዛ ናቸው። በተወለወለ የካራራ እብነበረድ ላይ የተረሳ የሎሚ ጠብታ ጥሎት የሚሄደው ደብዛዛ ክብ እድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ፊት ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በማንኛውም ሳሙና አይነሣም፤ በባለሙያ ተፈትጎ እንደገና መወልወል አለበት። ይህን ልዩነት አሠሪዋ ካላወቀች ጥፋቱ ወደ ሠራተኛዋ መላከኩ፣ ሠራተኛዋም እድፉን ለማንሣት ኮምጣጤ ጨምራ ክቡን ማስፋቷ አይቀርም። ድንጋይ የግድ ከተፈለገ፣ ዋናው ማዕድኑ ካርቦኔት ያልሆነው ግራናይት በብዙ እጅ ይሻላል።

ከምግቡ ቀጥሎ ውኃው አለ። ቤይሩት አብዛኛውን የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከከተማዋ በስተ ሰሜን ካለው የጀይታ ምንጭ ነው፤ ምንጩ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ እየተሽሎከለከለ ስለሚመጣ ውኃው ካልሲየም ይሸከማል፤ በደረቀ ቁጥርም በልባሱና በቧንቧው ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል። በበጋ የቧንቧው ውኃ ሲያንስ ነዋሪው ወደ ጉድጓድና ወደ ቦቴ ውኃ ይዞራል። በባሕሩ ዳርቻ ከመጠን በላይ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን የባሕር ውኃ ከመሬት በታች ዘልቆ ስለገባ፣ በብዙ ሰፈሮች የሚቀዳው ውኃ ጨዋማ ነው። በዚህ ውኃ የተወለወለ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልባስ ከደረቀ በኋላ የእያንዳንዱን ጠብታ ዱካ ያሳያል፤ ስለዚህ ጥቁር መስተዋትና ጥቁር ፖርሴሊን በማሳያ አዳራሽ መብራት ሥር ምን ቢያምሩ፣ ለቤይሩት ውኃ የሚመቹት ነጣ ያሉት፣ አሸዋማና ግራጫ መሳይ ቀለሞች ናቸው። መብራቱም የራሱን ድርሻ ያዋጣል፤ ከ2021 ወዲህ የመንግሥት ኤሌክትሪክ በቀን ጥቂት ሰዓታት ብቻ ሲመጣ የኖረ በመሆኑ፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር በጠፋበት ሰዓት የጭስ መምጠጫው ይቆማል፤ «ኪበ» የተባለው የሥጋና የስንዴ ምግብ በዘይት የሚጠበሰው ያኔ ከሆነ የቅባቱ እንፋሎት በሙሉ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው።

የማይዝግ ብረት የምግብ ቤቶች ልባስ ነውና ሙቀትም ቅባትም አያስፈራውም፤ ነገር ግን ክሎራይድ፣ ማለት በጨውና በበረኪና ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር፣ መከላከያ ሽፋኑን እየቀደደ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ዝገቶች ይተክልበታል። በተለምዶ የሚሸጠው 304 የተባለው ደረጃ ነው፤ ለባሕር ቅርብ ለሆነ ቤት ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ይመረጣል። ከኳርትዝ ዱቄትና ከሬዚን ማጣበቂያ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ እድፍን ቢችልም፣ ማጣበቂያው ከምድጃው እሳት አጠገብ ይለወጣል፤ ሲቆረጥ የሚነሣው የሲሊካ አቧራ የቆራጮችን ሳንባ ስለሚያጠቃም አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላዋለች።

ስለ መስተዋት ሲነሣ ቤይሩት ውስጥ አንድ ቀን የግድ ይታወሳል። ነሐሴ 4 ቀን 2020፣ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በወደቡ መጋዘን የተከማቸ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች ከቆሰሉት መካከል እጅግ ብዙዎቹን የጎዳቸው ተወርዋሪ መስተዋት ነበር። ጌማይዜንና ማር ሚካኤልን በመሳሰሉ የድሮ ሰፈሮች 640 ያህል ታሪካዊ ሕንፃዎች መጎዳታቸውን፣ 60 ያህሉም ለመፍረስ መቃረባቸውን ዩኔስኮ በወቅቱ አስታውቋል። ከጀርባው ቀለም የተቀባ መስተዋት አንድ ወጥ ስለሆነ መጋጠሚያ የለውም፤ በአንድ እርጥብ ጨርቅም ይጸዳል። ሆኖም ተራው መስተዋት ሲሰበር እንደ ቢላ የሚቆርጡ ስባሪዎች ይሆናል፤ በሙቀት የጠነከረው ግን ወደ ደነዙ ትንንሽ ፍሬዎች ይበተናል። የጠነከረው መስተዋት ከተጠናቀቀ በኋላ ሊቆረጥም ሊበሳም ስለማይችል፣ የማከፋፈያ ሶኬቶቹ ቦታ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ወደ ፋብሪካ መላክ አለበት። ከፍንዳታው በኋላ ቤታቸውን ያደሱ ሰዎች ምንም ዓይነት መስተዋት በወጥ ቤታቸው ለማየት ቢጠሉ አይፈረድባቸውም።

ይህን ሁሉ ካለፉ በኋላ የሚቀረው ፖርሴሊን ነው። ፖርሴሊን በ1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ የሚቃጠል ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት የሚጠጣው ውኃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ሎሚ አይበላውም፣ ዘይት አይገባውም፣ ማሸጊያ ቅብ አይፈልግም። ይሁንና ሁለቱም ዓይነት ሴራሚኮች በፊታቸው የታተሙ ስለሆኑ፣ ለግድግዳ ወሳኙ ጉዳይ ከሴራሚኩ ይልቅ በመካከሉ ያለው መጋጠሚያ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልባስ፣ 7.5 በ15 ሴንቲ ሜትር በሆኑት ጡብ መሰል ነጭ ሴራሚኮች ቢለበስ በመካከላቸው 32 ሜትር ያህል መጋጠሚያ ይኖራል። በ2.5 ሴንቲ ሜትር ሞዛይክ ከሆነ ይህ ቁጥር ወደ 140 ሜትር ይወጣል፤ በ20 በ20 የሲሚንቶ ንጣፍ 14 ሜትር ከግማሽ አይሞላም፤ 60 በ120 በሆነ ትልቅ ፖርሴሊን ግን 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ መሙያ የተሞላ ከሆነ ሸካራና ጠጪ ስለሆነ በመጀመሪያ ከምድጃው በላይ ቡኒ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ያንን ጥቁረት ለማስለቀቅ በረኪና የተነከረ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በመስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ወገብ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ዓይን ከሚፈናጠቀው በረኪና እየተሸሸ። በ32 ሜትርና በ1 ሜትር ከ20 መካከል ያለው ልዩነት በበዓል ዋዜማ ጠቅላላ ጽዳት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ጥናት አያስፈልግም። ትንንሽ ሴራሚክ የግድ ከተወደደ፣ አሲድና ቅባት የማይገባው የኢፖክሲ መሙያ ውድና ለአንጣፊው አስቸጋሪ ቢሆንም ልዩነቱን በእጅጉ ያጠበዋል።

ትልቅ ፖርሴሊንም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮ ቤቶች ግድግዳ «ረምሌ» በሚባለው የባሕር ዳር አሸዋማ ድንጋይ የተገነባ ስለሆነ በአብዛኛው የተጣመመ ነው፤ ትልቁ ሰሌዳ ደግሞ ጉብታን አይታገሥምና ግድግዳው አስቀድሞ በልስን መቃናት ይኖርበታል። ልባሱና ባንኮኒው በሚገናኙበት ጥግም ሁለቱ በየራሳቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሲሚንቶ ተሞልቶ ከሚሰነጠቅ በሲሊኮን መታተም አለበት፤ ይህን አንጣፊው በራሱ ካላነሣው ባለቤቱ ሊጠይቀው ይገባል።

የዋጋው ነገር ቀላል አይደለም። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507.5 የሊባኖስ ፓውንድ ሆኖ የኖረው ምንዛሪ ከ2019 ቀውስ በኋላ ወድቆ፣ ከ2023 ጀምሮ 90,000 ገደማ ላይ ረግቷል፤ ከውጭ የሚገባው ፖርሴሊን የሚሸጠውም በዶላር ነው። ከአሥር አንድ እጅ ያህል አስበልጦ መግዛትና የተረፈውን በሰገነት ማስቀመጥ በየትኛውም አገር የሚመከር ቢሆንም፣ ዕቃው ነገ ይመጣል ተብሎ በማይታመንበት ከተማ ግዴታ ይሆናል፤ የተለያየ ጊዜ ምርት ቀለሙ አይገጥምምና። በዚህ በኩል የአገር ውስጥ የሲሚንቶ ንጣፍ ብልጫ አለው፤ ፎርማው እስካለ ድረስ የተሰበረው አንድ ፍሬ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊታዘዝ ይችላል።

ምንም ዓይነት ልባስ ቢመረጥ፣ ሊተላለፍ የማይገባው ማስጠንቀቂያ ከማጽጃዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ነጩን የካልሲየም ሽፋን የሚያነሣው አሲድ ነው፤ ሻጋታውን የሚገድለው ብዙዎች በምርቱ ስም «ክሎሮክስ» የሚሉት በረኪና ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይለቃሉ። በረኪና ከአሞኒያ ጋርም አይስማማም። የጠርሙሶቹ ጽሑፍ በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ በሆነበት ቤት፣ በአማርኛ «ከዚህ ጋር አይቀላቀል» የሚል ወረቀት መለጠፍ አሠሪዋን የሚያስወጣት ነገር የለም፤ ወረቀቱን ሠራተኛዋ ራሷ ብትጽፈውም ያው ነው።

የመረጠው፣ የሚያበስለውና የሚያጸዳው አንድ ሰው የሆነባቸው ወጥ ቤቶችም በዚያው ከተማ አሉ። ዶራና ቡርጅ ሐሙድ በተባሉት የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ ከአሠሪ ቤት ውጭ «ፍሪላንስ» እየሠሩ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጋርተው በሚከራዩአቸው ክፍሎች፣ ምድጃው አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ከጋዝ ሲሊንደር የሚነድ ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ እሑድ እሑድ የሚቁላላው ሽንኩርትና በርበሬ ግድግዳውን በአንድ ወር ቀይ ሊያደርገው ይችላል። የሰው ቤት ነውና ሴራሚክ ማስለጠፍ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ያረጀውን ልስን በሚታጠብ የዘይት ቀለም መቀባት፣ በላዩም ከምድጃው ጀርባ ብቻ ተለጣፊ የአሉሚኒየም ሉህ ማድረግ ነው። ሉሁ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳው በሳሙና ውኃ ታጥቦ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ቅባት ካለ ሙጫው አይዝም። ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት ከነበልባሉ አጠገብ ስለሚቀልጥና ሊቀጣጠል ስለሚችል ለዕቃ ማጠቢያው በኩል ይተዋል፤ የጋዙ ቱቦም ከሉሁ ጋር እየታከከ እንዳይቆረጥ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ኪራዩ ሲያልቅ ሉሁን በሞቀ የፀጉር ማድረቂያ አለስልሶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ መላጥ ቀለሙን ሳያነሣ ያወጣዋል።